ሽንኩርት የሌለው ዶሮ ወጥ

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ገበያው ገና ሳይበተን፣ የሺመቤት ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ የቡታጅራን ዋና መንገድ በሩጫ አቋርጣ እትዬ ዓለምዘውድ ደጅ ደረሰች።

«እትዬ! እትዬ ዓለምዘውድ! ወርቅውሃ ሞተች!»

«የትኛዋ?»

«ባለምግብ ቤቷ ነቻ! ስንት ወርቅውሃ አለን? ዶሮ በልታ ነው። ፈንግሉ ገደላት!»

ዓለምዘውድ የከተማው የሴት ሬሳ ገናዥ ናት። ባሏ አዲስ አበባ የአራዳ ዘበኛ መርማሪ ነበር። ጣሊያን ሲገባ እሱ ሞተ፣ እሷም ወደ ትውልድ አገሯ ተመለሰች። ሀብት አልተወላትም። የተወላት ሰው የነገራትን ሁሉ ወዲያው ያለማመን ልማድ ነው።

«ማን አገኛት?» አለች ሎሚና አመድ በዘንቢል እየከተተች።

«እኔ። ጨው ልበደር ሄጄ።»

«አንቺ? ከወርቅውሃ ጨው?»

የሺመቤትም ምግብ ቤት አላት። ሁለቱ ምግብ ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ናቸው። የወርቅውሃ ቤት ሰው ሞልቶ ደጅ ይቆማል፤ የየሺመቤት ቤት ዝንብ እንኳ ለመግባት ታመነታለች። ሁለቱ ከተነጋገሩ ዓመት አልፏቸዋል።

ጣሊያን ቡታጅራን ከያዘ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በዚያ ክረምት መግቢያ ላይ ዶሮዎቹን ፈንግል የሚሉት በሽታ ያዛቸው። ፊታቸው ያብጣል፣ አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይጠቁራል፣ በማግስቱ ይደፋሉ። በዚህ ብቻ አላበቃም፤ የታመመ ዶሮ የነጩ ሁለት ሴቶች ትኩሳትና ሳል ይዟቸው በሳምንቱ ሞቱ። የከተማው አዛዥ የሆነው ጣሊያናዊ ካፒቴን አዋጅ አስነገረ፦ ዶሮ መሸጥ፣ ማረድ፣ ሥጋውንም ማዘዋወር ክልክል ነው። ሸጦ ሰው የገደለ ይሰቀላል። አዋጁ ከወጣ በኋላ የዶሮ ሥጋ በቆጮ ሆድ ውስጥ ተደብቆ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በበቅሎ ከቸሃና ከወልቂጤ በኩል መግባት ጀመረ።

ወርቅውሃ ማድ ቤቷ ውስጥ ከምድጃው አጠገብ በጀርባዋ ተጋድማለች። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም፤ ባሏ የሞተባት፣ ሳቋ መንገድ ማዶ የሚሰማ ሴት ነበረች። ከተማው በሙሉ ደጅ ቆሟል፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ግን የለም። በሩ ላይ አስተርጓሚው አቶ ባልቻ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ቆሟል። ባልቻ ከሰሜን የመጣ፣ ፀጉሩን በቅባት የሚያስተኛ፣ ጣሊያንኛ የሚያውቅ ሰው ነው። የታመሙ ዶሮዎች ተሰብስበው ከከተማው ውጭ ሲቃጠሉ የሚያዘውም እሱ ነው።

«እንዳትነኪያት! ካፒቴኑ ሳትታጠብ ትቀበር ብለዋል» አለ።

«እሳቸው ሲሞቱ ሳይታጠቡ ይቀበሩ። ወርቅውሃ ታጥባ ነው የምትሄደው።»

«ይህን ልተርጉምላቸው?»

«ተርጉም። እስክትመለስ እኔ እጨርሳለሁ።»

ደጅ የቆመው ሰው ሳቁን ዋጠ። ባልቻ አልሳቀም።

«ገሠሠ ተይዟል» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «የዶሮ ሥጋ የሚያስገባው እሱ ነው። ይህችን ሴት የገደለው የእሱ ሥጋ ነው። ቅዳሜ ገበያ መሃል ይሰቀላል።»

ዓለምዘውድ አፏንና አፍንጫዋን በጨርቅ አስራ ገባችና በሩን ዘጋች። ባለፈው ወር በፈንግሉ የሞቱትን ሁለቱን ሴቶች የገነዘችው እሷ ናት። እነዚያ ከስተው፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ወርቅውሃን ግን ዛሬ ጠዋት ገበያ ውስጥ ከሽንኩርት ሻጭ ጋር ስትሟገት በዓይኗ አይታታለች። እነሆ ሽንኩርቱ እንኳ በቅርጫት ሙሉ፣ ሳይላጥ፣ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

የሟቿን ቀኝ እጅ አነሳች። ጥፍሯ ሥር በርበሬ የለም። አፏን ከፈተች። ምግብም የለም። የከንፈሯ ውስጠኛው ግን ጥርሷ ላይ ተጨፍልቆ ተሰንጥቋል። በሁለት ጥርሶቿ መካከል አመድማ የሱፍ ክር ተሰክቷል። ዓለምዘውድ ክሩን አውጥታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ከዚያ ወደ ድስቱ ዞረች። እሳቱ ጠፍቷል፣ ሥጋው ግማሽ ጥሬ ነው። በእንጨት ማንኪያ እያገላበጠች ቆጠረች፤ ዘጠኝ ቁራጭ። አንዱ እግር አጥንቱ መሃል በመጥረቢያ ተሰብሯል። ሐሞቱ ሳይወጣ ፈርጦ ወጡን አረንጓዴ አድርጎታል። ሥጋው ጥቁር ነው፤ ደሙ ውስጡ ረግቷል። ከዚያም ይበልጥ ያስገረማት ነገር ታያት። በርበሬና ውሃ ብቻ!

«ሽንኩርት የሌለው ዶሮ ወጥ!» አለች ለሟቿ። «አንቺ ልጅ፣ ይህን በሕይወት ብታዪው ትስቂ ነበር።»

በዚያው ዕለት ሳይመሽ ቀበሯት፤ ካፒቴኑ በሽታውን ስለ ፈራ።

* * *

ረቡዕ ጠዋት ዓለምዘውድ የየሺመቤት ባዶ ምግብ ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። የሺመቤት ዓይኗን በነጠላ ጠረገች፤ ነጠላው ግን ደረቅ ነበር።

«እሷን ፈንግል በወሰዳት ብለሽ ነበር አሉ» አለች ዓለምዘውድ።

«ብያለሁ። ያላለ ማን አለ? ግን ማለት ሌላ፣ መግደል ሌላ!»

«ገደልሻት መች አልኩሽ? ፈንግል ነው እያላችሁ አይደል?»

የሺመቤት አፏን በእጇ ያዘች።

«ተይው። ገሠሠ ሥጋ በቆጮ ደብቆ እንደሚያስገባ ለአቶ ባልቻ የነገረው ማን ነው?»

የሺመቤት ፈነዳች።

«እኔ! እኔ ነኝ! ታዲያ ምን ላድርግ? ገሠሠ መጀመሪያ የኔ ደንበኛ ነበር። ካፖርት የለው፣ ጫማ የለው፣ እኔ ነኝ እያበላሁ ሰው ያደረግሁት። አንድ ቀን የሷን ወጥ ቀመሰ፣ አለቀ! ሊያገባት ነው አሉኝ። ምን እንዳላት እንጃ። ድፍን ከተማው እሷን፣ እሷን! አቶ ባልቻ እንኳ ያን ሁሉ ትምህርት ይዞ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኮባታል። እኔ ጋ አንድ እንኳ፣ አንድ ሽማግሌ መንገድ ስቶ አይገባም!»

«ሽማግሌዎቹን ምን አለቻቸው?»

«አብልታ ሸኘቻቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡማ ‹ለአቶ ባልቻ ንገሩልኝ፣ ዶሮ ነጋዴው ይሻለኛል› ብላ ሳቀች። ያን ሳቋን ታውቂዋለሽ፣ ማዶ ድረስ!»

ዓለምዘውድ ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ትናንት ሁሉ ሰው ገበያ ሳለ አንቺ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ማን ይገዛኛል ብዬ ገበያ ልውጣ? የሷ ቤት ጸጥ ቢልብኝ ነው በጨው ሰበብ ገብቼ ያየሁት።»

«ይህ ለአንቺ ጥሩ አይደለም» አለችና ወጣች።

የገሠሠ ሸሪክ ሸረፋ ከገበያው በታች በቅሎ ማሰሪያው አጠገብ ተደብቆ ነበር። ዓለምዘውድን ሲያይ ሊሮጥ ቃጣው።

«ቁም፣ ወንድሜ። ጣሊያን መሰልኩህ?»

«ወላሂ እትዬ፣ እኛ ሰው አልገደልንም!»

«አሠራራችሁን ንገረኝ።»

ሸረፋ ዙሪያውን ቃኘ። «ለሙስሊሙ እኔ አርዳለሁ፣ ለክርስቲያኑ ገሠሠ ያርዳል። ደሙ ጥርግ ብሎ ካልወረደ አንሸጥም። የሞተ አንነካም። ነጭተን፣ ሙሉውን በኮባ ጠቅልለን፣ ቆጮ እናለብሰዋለን።»

«ሙሉውን? አትቆራርጡትም?»

«እትዬ ደግሞ! ሌላ ሰው የቆራረጠውን ዶሮ የምትገዛ ሴት አለች? አስራ ሁለት ብልቷን ራሷ ካላወጣች ሰረቃችሁኝ ነው የምትለው። ደግሞ በዚህ ሳምንት ምንም አልገባም። በቅሎዋ አንክሳ ወልቂጤ ቀርታለች። ሄደሽ ጠይቂ!»

«ላባውን የት ነው የምትጥሉት?»

ሸረፋ አንገቱን ደፋ። «ወንዝ ዳር።»

«ከወንዙ በታች ያሉ ሦስት መንደሮች ዶሮ አልቆባቸዋል። ፈንግሉን በበቅሎ ጭናችሁ መንደር ለመንደር ያዞራችሁት እናንተ ናችሁ። ይህን ለገሠሠም እነግረዋለሁ።»

ነገረችውም። እስር ቤቱ የጭድ ማስቀመጫ የነበረ ጎጆ ነው። ጠባቂው አብዶ የሚባል ከቀይ ባሕር ዳርቻ የመጣ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር ነው፤ ሬሳ አጣቢ አይከለከልም ብሎ አስገባት። ገሠሠ እጁ በገመድ ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ላባው እውነት ነው፣ እትዬ» አለ። «በዚያ ይግረፉኝ። ግን እሷን… እኔ ለሷ የታመመ ሥጋ እሰጣለሁ? በመስከረም ልንጋባ ነበር።»

«አትሰጥም። ሥጋህ አልነበረም።»

ቀና ብሎ አያት። «ታዲያ ማን ነው?»

«ቅዳሜ ገና ነው» አለችው። ሲያስቡት ግን ሩቅ አልነበረም። ሁለቱም አወቁት።

ስትወጣ አብዶን አስቆመችው።

«ማክሰኞ ዕለት ዶሮ ሲቃጠል ነበርክ?»

«ነበርኩ፣ እማማ። እኛ ስንሸከም አቶ ባልቻ በዱላ ያመለክታል። በእጁ አይነካም፣ ጎትተህ ብትወስደው እንኳ አይነካም። ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ በትኖን ብቻውን ቀረ።»

«ጣሊያንኛህ እንዴት ነው?»

አብዶ ፈገግ አለ። «ከአቶ ባልቻ ይሻላል። ቅባት ስለሌለኝ ነው ያላስተረጎሙኝ።»

ሐሙስ ጠዋት ዓለምዘውድ የወርቅውሃን ሣልስት ለማውጣት ፈቃድ ልትጠይቅ ወደ ጣሊያን ግቢ ሄደች። ሰው መሰብሰብ ያለ ፈቃድ አይቻልም። ባልቻ በስስ ሸሚዝ ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል፤ ግንባሩ ላይ ላብ አለ።

«ምነው አቶ ባልቻ፣ ታመሙ?»

«ብርድ ነው» አለና አሳለ።

«ያ የሱፍ ካፖርትዎ የት አለ? ካፒቴኑ የሰጡዎት?»

«አጣቢ ጋ ነው። ለሣልስቱ ተፈቅዷል፤ አሁን ሂጂ።»

ሄደች። በር ላይ ግን ለአብዶ አንድ መልእክት ለካፒቴኑ እንዲያደርስላት ሹክ አለችው፦ ፈንግሉ በእርስዎ ግቢ ገብቷል፣ ሣልስቱ ላይ ከመጡ የያዘውን ሰው አሳይዎታለሁ።

* * *

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የወርቅውሃ ግቢ ሞላ። የሺመቤት ከሴቶቹ ጋር፣ ሸረፋ ከአጥሩ ጥግ ተቀምጠዋል። ካፒቴኑ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ከሁሉም ርቆ ቆመ። አጠገቡ ባልቻ፣ ኋላቸው አብዶ እጁ የታሰረውን ገሠሠን ይዞ ቆሟል። ገሠሠን አምጣ ያለው ካፒቴኑ ነው፤ ማንኛውም ነገር ከተፈጠረ በሰዎቹ ፊት እንዲገረፍ ፈልጎ።

«አቶ ባልቻ፣ ያስተርጉሙልኝ» አለች ዓለምዘውድ። «ወርቅውሃ በፈንግል አልሞተችም። ከበሽታው የሞቱትን እኔ ገንዣለሁ። ሳምንት ታመው ነው የሞቱት። እሷ በጠዋት ገበያ ወጥታ በዘጠኝ ሰዓት ሬሳ ነበረች።»

ባልቻ በጣሊያንኛ ጥቂት ተናገረ። ካፒቴኑ ራሱን ነቀነቀ።

አብዶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ። ‹ሴትዮዋ በፈንግል እንደሞተች ታረጋግጣለች› ነው ያለው።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ባልቻ ዞረ። አብዶ ቀስ ብሎ ትክክለኛውን ለካፒቴኑ በጣሊያንኛ ደገመው። ካፒቴኑ ባልቻን አየው፣ ከዚያ አብዶን በጣቱ ወደ ፊት ጠራው።

«ተሳስቼ ነው» አለ ባልቻ። «ራሴን አሞኛል።»

«አይዞዎት፣ ይተርጉሙ» አለች። «አብዶ ሲሳሳቱ ይነግረናል። ሁለተኛው። ሴቶች፣ እናንተን ልጠይቅ። ወርቅውሃ ዶሮ ወጥ ያለ ሽንኩርት ትሠራለች?»

ሴቶቹ በኀዘን መሃል ሳቅ አመለጣቸው። አንዷ «ሞታ እንኳ አትሠራም!» አለች።

«ሽንኩርቱ ግን በቅርጫት ሙሉ ሳይላጥ አጠገቧ ነበር። የሺ፣ አንቺስ?»

«እኔ? እንደሷ ባልችልም የሽንኩርቱን ነገር አውቃለሁ!» አለች የሺመቤት ተቆጥታ።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው አንቺ ያልሆንሽው። ሐሞቱን ታወጫለሽ?»

«ማን ልጅ አደረገኝ?»

«ብልቱ ስንት ነው?»

«አስራ ሁለት ነዋ!»

«ድስቱ ውስጥ ዘጠኝ ነበር። እግሩ በመጥረቢያ ተመትቷል፣ ሐሞቱ ፈርጧል። በዚህ ከተማ ውስጥ ካሉ ሴቶች ወጥ የማያምርላት እንኳ እንዲህ የምትቆራርጥ የለችም። ዶሮ ሲታረድ እንጂ ሲገነጠል አይቶ የማያውቅ፣ ማድ ቤት ገብቶ የማያውቅ ወንድ ነው የሠራው። ከወንዶች ደግሞ ገሠሠና ሸረፋ ሙሉውን ነው የሚሸጡት፤ በዚህ ሳምንትም በቅሏቸው አንክሳ ከወልቂጤ አልወጣችም። ሥጋው ደግሞ ደሙ ውስጡ ነበር። አልታረደም። ከሞተ በኋላ ነው አንገቱ የተቆረጠው። የሞተ ዶሮ ያለው የት ነው?»

«ማቃጠያው ጋ!» አለ ሸረፋ ሳያስበው።

አብዶ ያለማቋረጥ ይተረጉማል። ባልቻ መተርጎሙን ትቷል።

ዓለምዘውድ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። «አፏ በጨርቅ ታፍኗል። ከንፈሯ ጥርሷ ላይ ተጨፍልቋል። ስትሞት ይህን ነክሳ ያዘች። አመድማ ሱፍ ነው። ቡታጅራ ውስጥ አመድማ የሱፍ ካፖርት ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ካፒቴኑ ናቸው፤ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ገበያ መሃል ሲዞሩ ሁላችን አይተናቸዋል። ካፖርታቸውንም ይኸው ለብሰውታል። ሌላው ሰው ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ማቃጠያው ጋ ብቻውን ነበር። ካፖርቱም አጣቢ ጋ ነው ብሎኛል። በከተማው ያሉትን ሦስት አጣቢዎች ጠየቅኳቸው፤ አንዳቸውም አልተቀበሉም።»

ባልቻ አሳለ። መቆም አቃተውና የግቢውን ዛፍ ግንድ ተደገፈ።

«አቶ ባልቻ ዶሮ በእጃቸው አይነኩም» አለች ረጋ ብላ። «ለሁሉም ነግረዋል። ፈንግሉ የያዘው በዚህ ከተማ ዶሮ የነጨ ሰው ብቻ ነው። እኔ ሬሳ አጥቤም አልያዘኝም። ታዲያ ዛሬ በሦስተኛው ቀን ከየት መጣብዎት?»

ካፒቴኑ ይህ ሲተረጎምለት ከባልቻ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሸሸ። ባልቻ በክቡ መሃል ብቻውን ቀረ።

«ልጠይቃት ነበር የሄድኩት» አለ በአማርኛ፣ ለማንም ሳይሆን። «ሽማግሌ አስቀርቼ፣ ራሴ። ሦስት ቋንቋ አውቃለሁ። ካፒቴኑ ጋር እበላለሁ። ለዚህ…» ወደ ገሠሠ አመለከተ። «ዶሮ ተሸክሞ ለሚዞር ሰው! ሳቀች። ገና ሳልጨርስ ሳቀች። ዝም በይ አልኳት። ዝም ብትል ምን ነበረበት?»

ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ።

«ከዚያ እሱም አይተርፍ አልኩ» አለ ባልቻ። «እኔ ያጣሁትን እሱ አልቅሶ እንኳ እንዳያገኘው።»

አብዶ ይህንንም ተረጎመው። ካፒቴኑ ባልቻን አስካሪዎቹ በረጅም ገመድ ከሩቅ እየሳቡ እንዲወስዱት አዘዘ። በእጁ ሊነካው የደፈረ አልተገኘም።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት ገሠሠን የሰቀለው የለም። ስለ ሥጋው ንግድ ሃያ ጅራፍ ገረፉትና ለቀቁት። ሸረፋ ላባ የሚቀበርበት ጉድጓድ እየቆፈረ ስለ ነበር አልመጣም። የጣሊያን ግቢ በር ላይ የጠበቀችው የሺመቤት ናት። ፀጉሯን ተሠርታለች። አዲስ ጋቢ በአንድ እጇ፣ ምግብ በሌላው ይዛለች። ዓለምዘውድ መንገድ ማዶ ሆና ታያለች።

ገሠሠ እያነከሰ ወጣ። ጀርባው ላይ ሸሚዙ ተጣብቋል።

«ገሠሠ! ያንተን ስም ለባልቻ የነገርኩት እኔ ነኝ» አለች የሺመቤት ትንፋሽ ሳትወስድ። «ይሰቅሉሃል ብዬ አይደለም። እሷን ትተህ እንድትመጣ ነው። ስደበኝ፣ ምታኝ፣ ግን ይኸን ብላ።»

ገሠሠ አያት። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን የሺመቤት ደስ ይላት ነበር።

«የት ነው የቀበሯት?» አለ።

የሺመቤት በአገጯ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አመለከተች። ጋቢውንም ምግቡንም ሳይቀበል፣ ዞር ብሎም ሳያይ፣ በዚያው እያነከሰ ሄደ።

ዓለምዘውድ መንገዱን ተሻግራ አጠገቧ ቆመች። የሺመቤት ጋቢውን ደረቷ ላይ ጨምቃ ይዛ፣ መንገዱ ጫፍ ላይ እስኪታጠፍ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። በዚህኛው ጊዜ እንባዋ እውነተኛ ነበር።

«አየሽ፣ እትዬ?» አለች። «ሞታም ቀደመችኝ።»